ብሎን ያዘገየው አውሮፕላን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2005 አሥር ቦይንግ 787 ድሪምላይነር አውሮፕላኖችን በማዘዝ ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደነበር ይታወሳል። የመጀመሪያውን የተረከበው ግን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ነው። ይህን ያህል ያቆየው ምንድነው?

ቦይንግ ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የአውሮፕላኑን ትላልቅ ክፍሎች ዲዛይንና ምርት ለውጭ ኩባንያዎች ሰጠ። ክንፉ በጃፓን፣ የአካሉ ክፍሎች በጣሊያን፣ በጃፓንና በአሜሪካ የተለያዩ ግዛቶች ተሠሩ። እነዚህ ኩባንያዎችም በበኩላቸው ሥራውን ለሌሎች አከፋፈሉት። በመሆኑም ቦይንግ ከታች ያሉት አቅራቢዎች ምን ላይ እንደደረሱ በወቅቱ ማወቅ ተሳነው። ተጠናቀው መምጣት የነበረባቸው ክፍሎች ሥራቸው ሳያልቅ መገጣጠሚያው ደረሱ። በዚያ ላይ የብሎን እጥረት ተከሰተ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2007 ለሕዝብ የታየው አውሮፕላን ብዙዎቹ ማያያዣዎቹ ጊዜያዊ ነበሩ። ለሜይ 2008 ታቅዶ የነበረው የመጀመሪያ ርክክብም የተፈጸመው በሴፕቴምበር 2011 ነው።

ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዋና አቅራቢዎቹ የአንዱን፣ የቮትን የሳውዝ ካሮላይና ፋብሪካ ገዝቶ ሥራውን በራሱ እጅ አስገባ።

ከዚህ የሚገኙት ትምህርቶች የሚከተሉት ናቸው፦

1. የአቅራቢን አቅራቢ ማወቅ። ውል የተፈራረሙትን ብቻ መከታተል አይበቃም።

2. ርካሽና ጥቃቅን ዕቃዎችን አለመናቅ። ብሎን ከጎደለ ክንፍ አይገጠምም።

3. የራስን ባለሙያ አቅራቢው ፋብሪካ ውስጥ ማስቀመጥ። ሪፖርት ብቻውን ችግርን ሊሸፍን ይችላል።

4. አዲስ ቴክኖሎጂ፣ አዲስ አሠራርና አጭር የጊዜ ሰሌዳን በአንድ ላይ አለመደራረብ።

5. ገዢም ቢሆን በውሉ ውስጥ የመዘግየት ካሳ ማስገባትና እስከዚያው የሚሠራበትን አውሮፕላን አስቀድሞ ማሰብ።

ጉዳዩ ከጎንደርም የራቀ አይደለም። አዘዞ በሚገኘው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚያርፉት አውሮፕላኖች አንዱ ኪው 400 ነው። ቶሮንቶ ይገጣጠም የነበረው ይህ አውሮፕላን ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ቆሟል። ምርቱ ለቆመ አውሮፕላን መለዋወጫ ማግኘት ደግሞ ዓመት በገፋ ቁጥር ከባድ እየሆነ ይሄዳል። አንድ ዕቃ ጠፍቶ በረራ ሲሰረዝ የፋሲል ግንብንና የስሜን ተራሮችን ሊጎበኝ የተነሳው እንግዳ አዲስ አበባ ይቀራል። አልጋ የያዘለት ሆቴል፣ መንገድ መሪውና በቅሎ አከራዩም የዕለት ገቢያቸውን ያጣሉ። የአቅርቦት ሰንሰለት ሲበጠስ ጉዳቱ የሚሰማው ከፋብሪካው እጅግ ርቆ ነው።