ለማመን ፈቃድ ያስፈልጋል?

በ1769 መጨረሻ አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅ እንግሊዝ የሚኖር አንድ የ15 ዓመት የገበሬ ልጅ በአንድ ጥያቄ ተጨንቋል። «ክርስቶስ ያድናል ወይ?» አይደለም ጥያቄው፤ እሱንማ አልተጠራጠረም። «እኔ ወደ እሱ ለመምጣት ፈቃድ አለኝ ወይ?» ነው። ልጁ አንድሪው ፉለር ይባላል።

ጥያቄው ከሜዳ አልመጣም። ፉለር ያደገበት የሶሃም ቤተ ክርስቲያን የካልቪኒስት ባፕቲስቶች ነበር። እግዚአብሔር የሚድኑትን ዓለም ሳይፈጠር መርጧል ብለው ያምናሉ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። አንዳንዶቹ ግን አንድ እርምጃ ጨመሩበት፦ ያልተመረጠ ሰው ማመን አይችልም፤ የማይችልን ሰው «እመን» ማለት ደግሞ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሰባኪ ኃጢአተኛውን ሕዝብ ወደ ክርስቶስ መጋበዝ የለበትም። ፉለር በኋላ እንዳስታወሰው የሶሃሙ መጋቢ ላላመኑ ሰዎች የሚናገረው ነገር እምብዛም አልነበረውም።

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይቼዋለሁ። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲነበብ ትክክል ይመስላል፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለመምጣት መመረጥህን ማወቅ አለብህ፤ መመረጥህን ለማወቅ ደግሞ መምጣት አለብህ። እኛ ዴድሎክ እንለዋለን። ልዩነቱ፣ እዚያ ቆሞ የሚጠብቀው ፕሮግራም ሳይሆን የ15 ዓመት ልጅ መሆኑ ነው።

ፉለርን መንገድ ያሳየችው አስቴር ናት። ሳትጠራ ወደ ንጉሡ መግባት በሞት እንደሚያስቀጣ እያወቀች ገባች። እሱም መመረጡን ሳያውቅ፣ ብጠፋም እዚያው ልጥፋ ብሎ ገባ፤ ዕረፍትም አገኘ። በጎልማሳነቱ ይህን ሲያስታውስ አንድ ነገር ይቆጨው ነበር፦ ለመምጣት ብቁ መሆን ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ባያዘገየው ኖሮ ቶሎ ባረፈ ነበር።

በ1785 መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ በአማርኛ «ሁሉ ሊቀበለው የሚገባው ወንጌል» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው ፉለር የምርጫን ትምህርት የጣለ ይመስለዋል፤ አልጣለም፤ እስኪሞት ካልቪኒስት ነበር። ያለው ነገር ቀላል ነው፦ የማመን ግዴታህ የቆመው እግዚአብሔር «እመን» ባለው ቃል ላይ እንጂ ስለ ስውር ዝርዝሩ ባለህ መረጃ ላይ አይደለም። «አልችልም»ም ሁለት ዓይነት ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው መሮጥ አልችልም ቢል እውነቱን ነው። ወንድሙን ይቅር ማለት አልችልም የሚለውስ? እሱ እኮ አልፈልግም እያለ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ከሁለቱም ወገን ተቃውሞ አስነሳበት። ግራ ቀኙ ሲቆጣ ደግሞ ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፤ ፈጀም።

የፉለርን ሐሳብ ይዞ የተነሣው ጫማ ሰፊው ዊልያም ኬሪ ነው። ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእጁ ያዘጋጀው ትልቅ የዓለም ካርታ ተለጥፎ ነበር። አንድ አንጋፋ ሰባኪ ኬሪን «እግዚአብሔር አሕዛብን ማዳን ሲፈልግ ያላንተ እርዳታ ያደርገዋል» ዓይነት ነገር ብሎ አስቀመጠው ይባላል። ታሪኩ በየስብከቱ ይደጋገማል፤ የሰውዬው ልጅ ግን አስተባብሎታል። ያለዚያ ታሪክም ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኬሪ በ1792 ያሳተማት 87 ገጽ መጽሐፍ ራሷ መልስ ናትና። እኔን የማረከኝ መሐሏ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ነው፦ አገር፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት፣ ሃይማኖት። ዛሬ ኤክሴል የምንለው ነገር። ድምሩ 731 ሚሊዮን ሰው፤ ከዚህ ውስጥ 420 ሚሊዮኑ ወንጌል ያልደረሰው አሕዛብ ብሎ የቆጠረው። ማን እንደተመረጠ የሚል ዓምድ የለውም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ኬተሪንግ ከተማ ውስጥ በአንዲት መበለት ሳሎን ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሚስዮን ማኅበር መሠረቱ። ቃል የተገባው ገንዘብ 13 ፓውንድ፣ 2 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ነበር። ፉለር ጸሐፊ ሆነ፤ በ1815 እስኪሞት ድረስ ገንዘብ ለማሰባሰብ ብሪታንያን ሲዞር ኖረ።

ኬሪ በ1793 ቤንጋል ገባ። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚስዮን ታሪኮች በጥድፊያ ያልፉታል፤ ደስ አይለኝም። ሚስቱ ዶሮቲ መጀመሪያውኑ መሄድ አልፈለገችም። በ1794 ልጃቸው ፒተር በተቅማጥ ሞተ፤ የእሷም አእምሮ ታወከ፤ እስከ ሞቷ ድረስም አልዳነችም። የ«ሂዱ»ን ትእዛዝ ዋጋ ስንቆጥር ከኬሪ በፊት የእሷን መቁጠር ያለብን ይመስለኛል።

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቤንጋላዊ አልተጠመቀም። የእንግሊዙ ኩባንያ ሚስዮናውያንን ስለማይወድ ዴንማርክ ወደምታስተዳድራት ሴራምፖር ሄዱ። እዚያ ክሪሽና ፓል የሚባል አናጺ ክንዱ ወለቀ። ሐኪሙ ጆን ቶማስ ክንዱን መለሰለት፤ በዚያውም ወንጌልን ነገረው። ክሪሽና ፓል ዲሴምበር 28 ቀን 1800 ወንዝ ውስጥ ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ እስከ 1822፣ እስከሞተበት ዓመት ድረስ፣ እሱም በተራው ሲሰብክ ኖረ።