ጠንቋዩ ካርትሪጅ፦ ከሚላን መሳፍንት እስከ ኒንቴንዶ

በ1989 በአሜሪካ የመጫወቻ ዕቃ መደብሮች ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰል አንድ የኒንቴንዶ ካርትሪጅ ለገበያ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚተኮስበት ጠላት የለውም። የሚዘለል ገደል የለውም። ነጥብ አይቆጥርም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለውም። ስሙ «ታቡ፦ ዘ ሲክስዝ ሴንስ» ይባላል፤ «ክልክል፦ ስድስተኛው ስሜት» እንደማለት ነው።

ተጫዋቹ ሲከፍተው ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ጾታውን ይጠየቃል። ከዚያ የልቡን ጥያቄ ፊደል በፊደል እየመረጠ ይጽፋል። ማሽኑ የታሮት ካርታ ይበውዛል፤ አሥር ካርታ አንድ በአንድ እየገለጠ ስላለፈው፣ ስላለውና ስለሚመጣው ይናገራል። ሲጨርስ የሎተሪ «ዕድለኛ ቁጥሮች» ይሰጠዋል። በአጭሩ፣ ሞራ ገላጩን፣ ጠጠር ጣዩንና ሲኒ አንባቢዋን በአንድ ላይ ጠቅልሎ በግራጫ ፕላስቲክ ውስጥ ያስቀመጠ ነገር ነበር።

ዛሬ ብዙዎች የሚያስታውሱት እንደ ቀልድ ነው። ነገር ግን ይህ ካርትሪጅ የመጣበት መንገድ በጥሞና ሲታይ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሰው ከማሽን ምክር መጠየቅ እንዴት እንደለመደ፣ ማሽን ሲናገር ደግሞ ኃላፊነቱ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል።

◆ ካርታው ከየት መጣ?

ታሮት ሲፈጠር የጥንቆላ መሣሪያ አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ባላባቶች ዘንድ የተጀመረ ተራ የካርታ ጨዋታ ነበር። የሚላን ገዢዎች የነበሩት የቪስኮንቲና የስፎርዛ ቤተሰቦች በወርቅ ቅብ ያሠሯቸው ካርታዎች እስከ ዛሬ በሙዚየሞች ይገኛሉ። ሙሉው ስብስብ 78 ካርታ አለው፤ ከእነዚህ 22ቱ ባለ ሥዕል መለኪያዎች ናቸው፤ ጳጳሱ፣ ንጉሡ፣ ፍቅረኞቹ፣ ሞት፣ ዲያብሎስ ይገኙባቸዋል። ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሰዎች ከምንም በላይ የተጫወቱበት ለመሸናነፍ ነበር።

ነገሩ የተቀየረው በፈረንሳይ ነው። በ1781 አንትዋን ኩር ደ ዤብለን የተባለ የፕሮቴስታንት ቄስና ጸሐፊ ታሮት የጥንታዊ ግብጽ ካህናት ምስጢር ነው ብሎ ጻፈ። ማስረጃ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ የግብጽን ሄሮግሊፍ ማንበብ የሚችል አንድም አውሮፓዊ ስላልነበረ የሚያስተባብለውም አልተገኘም። ሻምፖሊዮን የጽሑፉን ቁልፍ ያገኘው በ1822 ነው። የግብጽ ጽሑፎች ሲነበቡ ስለ ታሮት አንድም ቃል አልተገኘባቸውም፤ እስከዚያ ድረስ ግን ወሬው አርባ ዓመት ተጉዞ ሥር ሰድዷል። ኤቴላ በሚል ስም የሚታወቀው ፓሪሳዊ በ1780ዎቹ በታሮት የሚጠነቆልበትን ዘዴ አሳትሞ፣ ለጥንቆላ ብቻ የተዘጋጀ ካርታ እስከ መሸጥ ደርሷል።

አስገራሚው ነገር፣ ተራው ባለ አራት ዓይነት የመጫወቻ ካርታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አውሮፓ የገባው ከማምሉኮች ግዛት፣ ማለትም በእርግጥም ከግብጽ በኩል እንደሆነ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ያምናሉ። የመጣው ግን መዝናኛ ሆኖ እንጂ የፈርዖኖች ምስጢር ሆኖ አይደለም።

ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው የታሮት ሥዕል በ1909 በለንደን ታትሟል። ሐሳቡን ያመነጨው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሲሆን ሥዕሎቹን የሠራችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። አሥር ካርታ የሚደረደርበትን «የኬልት መስቀል» የተባለ አቀማመጥም በሰፊው ያስተዋወቀው ዌይት ነው። የኒንቴንዶው ካርትሪጅ አሥር ካርታ የሚገልጠው ከዚህ ልማድ በመነሳት ነው። ስለዚህ በ1989 ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ልጅ «ጥንታዊ ጥበብ» መስሎ የታየው ነገር በእጁ ሲገባ ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት ቢሆን ነው።

◆ ማን ሠራው? ማንስ ፈቀደ?

ካርትሪጁን የሠራው ሬር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ቲምና ክሪስ ስታምፐር የተባሉ ወንድማማቾች የመሠረቱት ይህ ድርጅት ኋላ ላይ «ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ»ን እና «ጎልደን አይ 007»ን አውጥቶ ስሙ ገነነ። ማይክሮሶፍት በ2002 በ375 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። አሳታሚው ደግሞ በቴክሳስ ኮርሲካና የሚገኘው ትሬድዌስት ነበር።

የኒንቴንዶን ፈቃድ ማግኘት ቀላል አልነበረም። በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ በማይረቡ ጌሞች ተጥለቅልቆ ከወደቀ በኋላ፣ ኒንቴንዶ በሩን አጥብቆ ዘግቶ ነበር የገባው። መሣሪያው ውስጥ ያልተፈቀደ ካርትሪጅ እንዳይሠራ የሚያደርግ ቺፕ አስገባ። ለአሳታሚዎች በዓመት የሚያወጡትን ጌም ብዛት ወሰነ። የሃይማኖት ምልክት፣ እርቃንና መሰል ነገሮችንም ከለከለ። ይህ ሁሉ ወንፊት እያለ ዲያብሎስና ሞት የሚገለጡበት የጥንቆላ ካርትሪጅ አለፈ። ያለፈው ራሱን የድግስ መጫወቻ ብሎ በመጥራቱና ዕድሜያቸው ከ14 በታች ለሆኑ እንደማይሆን በማስጠንቀቁ ነው ማለት ይቻላል።

◆ ዘመኑ

ጊዜው ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የተመቸ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1988፣ የፕሬዚዳንት ሬገን የቀድሞ የቤተ መንግሥት ዋና ሹም ዶናልድ ሪገን ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ አሜሪካን ያስደነገጠ ነገር አወጣ። ቀዳማዊት እመቤት ናንሲ ሬገን በሳን ፍራንሲስኮ የምትኖር ኮከብ ቆጣሪ ያማክሩ ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ ጉዞና መግለጫ የሚያዝበት ቀንም በእርሷ ምክር ይቀያየር ነበር። ሹሙ ጥሩውን ቀን በአረንጓዴ፣ መጥፎውን በቀይ፣ አጠራጣሪውን በቢጫ የቀለመ የቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ እንደነበር ጽፏል። ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት 1981 ፕሬዚዳንቱ በጥይት ተመትተው ለጥቂት ከተረፉ በኋላ ነው። ባለቤታቸውን ወደ ከዋክብት የገፋቸው ፍርሃት ነበር።

በሌላ በኩል ከኒው ሃምፕሸር የ1964 ሎተሪ ወዲህ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አንድ በአንድ ሎተሪ እያቋቋሙ፣ ዜጋውን «ዕድልህን ሞክር» እያሉ በቴሌቪዥን ይጠሩ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ኮከብ በሚያስቆጥርበት፣ መንግሥት ዕጣ በሚሸጥበት አገር አንድ ኩባንያ ሁለቱን አጣምሮ በካርትሪጅ ቢሸጥ የሚደንቅ አይደለም።

◆ ማሽኑ ምን ያውቅ ነበር?

ምንም። የኒንቴንዶው መሣሪያ 2 ኪሎባይት ዋና ማኅደረ ትውስታ ነበረው። ይህ ጽሑፍ ራሱ በዚያ ውስጥ አይገባም። ፍጥነቱ 1.79 ሜጋኸርትዝ ነበር። ተጫዋቹ «ታገባኛለች ወይ?» ብሎ ቢጽፍ «ውሻዬ የት ጠፋ?» ብሎ ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ ጥያቄውን የሚረዳበት አንዳች መንገድ አልነበረውም።

ዕጣውስ ከየት ይመጣል? ኮምፒውተር በባሕርዩ የታዘዘውን ብቻ ስለሚሠራ እውነተኛ ዕጣ መጣል አይችልም። በዚያ ዘመን የተለመደው ዘዴ በአንድ የሒሳብ ቀመር የተዘበራረቀ የሚመስል የቁጥር ሰልፍ ማውጣት ነው። መነሻው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ተጫዋቹ ቁልፉን በተጫነባት ቅጽበት ነው። በሰከንድ ስልሳ ጊዜ በሚቆጥር ሰዓት ላይ ጣቱ ያረፈባት ቅጽበት ቀጣዩን ሁሉ ትወስናለች። ተጫዋቹ ሳያውቅ ዕጣውን የሚጥለው ራሱ ነው ማለት ነው።

ይህ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንም። አውደ ነገሥት የሚገልጥ ሰው የጠያቂውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ለውጦ፣ ደምሮ፣ በ12 እየገደፈ ኮከቡን ያወጣል። ይህም የታወቀ ሕግ ያለው ስሌት ነው፤ ስም ይገባል፣ መልስ ይወጣል። ልዩነቱ፣ ኮከብ ቆጣሪው ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ገጽታ እያየ ቃሉን ያለዝባል ወይም ያጠነክራል። ካርትሪጁ ግን ማንንም አያይም።

እንዲያም ሆኖ ሰዎች «እውነቱን ነገረኝ» ይላሉ። ለምን? በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎችን ፈትኖ ለእያንዳንዱ «የባሕርይህ ትንተና ነው» ብሎ ወረቀት ሰጠ። ተማሪዎቹ ትክክለኛነቱን ከአምስት በአማካይ 4.26 ሰጡት። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተገለበጠ ነው። ቃሉ ሰፊ ከሆነ ባዶውን የሚሞላው አድማጩ ራሱ ነው። ማሽኑ ዕጣ ያመጣል፤ ትርጉሙን የሚያመጣው ሰውየው ነው።

ለዕድለኛ ቁጥሮቹም እንዲሁ ነው። ከ49 ቁጥር ስድስት በሚመረጥበት ሎተሪ የማሸነፍ ዕድል ከ13,983,816 አንድ ነው። ቁጥሩ ከካርትሪጅ ይምጣ ከህልም፣ ይህ ስሌት በአንድ አይቀነስም። ሆኖም ኤለን ላንገር በ1975 ባሳተመችው ጥናት፣ የአንድ ዶላር ዕጣቸውን ራሳቸው የመረጡ ሰዎች መልሰው ለመሸጥ በአማካይ 8.67 ዶላር ሲጠይቁ፣ ዝም ብሎ የተሰጣቸው የጠየቁት 1.96 ዶላር ነው። «የእኔ» የሚለው ስሜት ብቻውን ዋጋውን ከአራት እጥፍ በላይ አሳደገው።

◆ ከመጫወቻው በኋላ

ሰው ከማሽን ጋር በቁም ነገር መነጋገር የጀመረው ከካርትሪጁ በፊት ነው። በ1966 የኤም.አይ.ቲ. መምህሩ ጆሴፍ ዋይዘንባም «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም አስተዋወቀ። ሰው የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ ከመመለስ ያለፈ ችሎታ አልነበረውም። ሆኖም ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የገዛ ጸሐፊው እንኳ ከማሽኑ ጋር ስትነጋገር «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ዋይዘንባም በነገሩ ደንግጦ ቀሪ ዘመኑን ማሽን ሊወስነው የማይገባ ነገር አለ እያለ ሲሟገት ኖረ።

የዛሬዎቹ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሶች ከኤላይዛም ከካርትሪጁም ጋር አይወዳደሩም፤ ጥያቄን ይተነትናሉ፣ ብዙ ጊዜም የሚጠቅም መልስ ይሰጣሉ። ችግሩ የመልሱ ጥራት ብቻ አይደለም። ትልቁ ችግር «ማሽኑ ነው ያለው» የሚለው ቃል የሚሰጠው መሸሸጊያ ነው።

የኔዘርላንድስን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት የሕፃናት መዋያ ድጎማ የሚያገኙ ወላጆችን በአጭበርባሪነት የሚጠረጥር የኮምፒውተር ሥርዓት ተጠቅሟል፤ የውጭ ዜግነት እንደ አደጋ ምልክት ይቆጠር ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹም የስደተኛ ልጆች፣ በአሥር ሺዎች ዩሮ መልሱ ተብለው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። ለምን እንደተጠረጠሩ ሲጠይቁ በቂ መልስ የሚሰጣቸው አጡ። በጥር 2021 የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ መንግሥት በዚህ ምክንያት ሥልጣን ለቀቀ። መንግሥት ወረደ፤ የተበተነው ቤተሰብ ግን በዚያ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ከአሮጌው ካርትሪጅ ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። ካርትሪጁ መጫወቻ መሆኑን ተናግሯል። የሚጠይቀው ሰው ወዶና ፈቅዶ ነው የጠየቀው፤ መልሱን ካልወደደ መሣሪያውን አጥፍቶ እንጀራውን ይበላል። የመሥሪያ ቤቱ ማሽን ግን ሳይጠየቅ ይፈርዳል፤ የተፈረደበት ሰው ማጥፊያው በእጁ የለም። በካርትሪጁ ትርጉሙን የሚሞላው ጠያቂው ነው። በመሥሪያ ቤቱ ትርጉሙን የሞሉት የአደጋ ምልክቱን የመረጡት ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ናቸው፤ ስማቸው ግን ከማሽኑ ጀርባ ቀረ።

ኩር ደ ዤብለን ማንም ሊያነበው በማይችለው ጽሑፍ ሥልጣኑን አቆመ። አርባ ዓመት የሚጠይቀው አልነበረም፤ ምክንያቱም ፊደሉን የሚያውቅ ስላልነበረ። ዛሬ ብድር የሚከለክል፣ ቪዛ የሚያዘገይ፣ ሥራ ፈላጊን ከሰልፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ሲመጣ፣ ፊደሉን የሚያነብ ሰው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ያው ነው። ማሽኑ ለምን እንደዚያ እንዳለ በሰው ቋንቋ አስረድቶ፣ ስሙን ፈርሞ የሚጠየቅ ባለሥልጣን ከሌለ፣ የዜጋው ጉዳይ ውሳኔ አገኘ አይባልም፤ ካርታ ተጣለበት እንጂ።