ዜና ሲድር ወዜና ሼክ ዛይድ

በልዑል እግዚአብሔር ቸርነት የሲድርን ዛፍና የአል ዐይንን ገዥ የሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣንን ዜና እንጽፋለን። የዘመኑ ቍጥር በፈረንጆች ነው።

ዐረቦች ዛፉን ሲድር፣ ፍሬውን ነብቅ ይሉታል፤ የአቡዳቢና የአል ዐይን ሰዎች ግን ፍሬውን ከፋርስ በተሻገረ ስም ከናር ብለው ይጠሩታል። በአገራችን ቁርቁራ፣ በትግራይ ጋባ የሚባለው ይኸው ነው። ሊኔየስ በ1753 የክርስቶስ እሾህ ብሎ ሰየመው፤ ጭፍሮች በጌታችን ራስ ላይ የደፉት አክሊል ከእርሱ ተጐነጐነ የሚል ትውፊት አለና። ቁርኣን ደግሞ በመጨረሻው ዳርቻ የቆመ ሲድር ይጠቅሳል። እኛ በመከራ፣ እነርሱ በክብር አሰቡት፤ ዛፉ አንድ ነው። በገበያ ሲድር ያለ ሰው ግን ዛፉን አይሻም፤ ደርቆ የተፈጨ ቅጠሉን ነው። ዱቄቱ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ሴቶች ፀጉራቸውን ይታጠቡበታል፤ የሙስሊም ሬሳም በእርሱ ይታጠባል።

ሼክ ዛይድ በ1946 አል ዐይንን ሊገዙ ተሾሙ። የከርሰ ምድሩን የውኃ ቦይ፣ ፈለጅ የሚሉትን፣ አስጠረጉ፤ ውኃውም ለድሃው ደረሰ። ምን ያለ ገዥ ነው! በ1948 ዊልፍሬድ ተሲጀር፣ በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ መንገደኛ፣ በአል ዐይን ወዳለው ወደ ሙወይጂ ምሽግ ሲደርስ የሼኩን ሰዎች በእሾሃማ ዛፍ ጥላ ተሰብስበው አገኘ። ሲድር ነበረ ብዬ ለመጻፍ እጄ ይቸኩላል፤ መንገደኛው ግን እሾሃማ ከማለት አላለፈም።

በ1960 ዶክተር ፓትና ዶክተር ማሪያን ኬኔዲ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ከሼክ ዛይድ በተሰጣቸው የጭቃ ቤት ሕክምና ጀመሩ። የአገሩ አፍ ኬኔዲን ከነድ አለው፤ ያቋቋሙት ሆስፒታልም በኋላ ይህን ስም ወሰደ። የውጭው መድኃኒት ሲገባ የባልቴቶቹ ዱቄት ከጓዳ አልወጣም።

በነሐሴ 1966 የአቡዳቢ መንበር ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሹ ወደ ሼክ ዛይድ ተሻገረ፤ እግዚአብሔር የወደደው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በረሃው ዛፍ ተተከለበት፤ በአቡዳቢም በሼክ ዛይድ ስም የዕፀዋት መድኃኒት ምርምር ማዕከል ቆመ። ሼኩ ኅዳር 2 ቀን 2004 አረፉ። የቅጠሉን ጥቅም ከእናቶቻቸው የተማሩትና ለልጆቻቸው ያስተማሩት ሴቶች ስም በዚህ አልገባም፤ እኛ የጌቶችን ዜና እንድንጽፍ ታዘናልና።