ኬፕለርና አምስተኛዋ እጩ

«ሲመርጡ ሲመርጡ ከምራጭ ይወድቃሉ» የሚለው ብሂላችን የሂሳብ ሊቃውንትንም እንደሚመለከት የገባኝ ሰሞኑን ነው። መሐንዲስ የሆነ የወዳጄ ልጅ ለትዳር ያሰባቸውን ልጃገረዶች በትምህርት፣ በዕድሜና በጠባይ ነጥብ ሰጥቶ በሰንጠረዥ አሰለፈና «ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱ» ብሎ ላከልኝ። አልሳቅሁበትም። በአገራችንም ደብተራው የስምና የእናት ስም ፊደላትን ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ «ኮከባቸው ገጥሟል» ሲል ኖሯልና።

ከፈረንጆቹ ግን የዮሐንስ ኬፕለርን ያህል የሚያስተምር የለም። ፕላኔቶች በሞላላ ምህዋር እንደሚዞሩ ያረጋገጠው ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1611 ሚስቱ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ 11 እጩዎችን እንዴት እንደመዘነ በ1613 በጻፈው ደብዳቤ ተርኳል። በአራተኛዋና በአምስተኛዋ መካከል ሲዋልል አራተኛዋ መጠበቁ ሰልችቷት ተወችው። አምስተኛዋ ሱዛና ሮይቲንገር ወላጅ አልባ፣ ጥሪትም የሌላት ነበረች። ወዳጆቹ «አትመጥንህም» ቢሉት እስከ አሥራ አንደኛዋ ዞረ። በመጨረሻ ትሕትናዋ፣ ቁጥብነቷና ለእንጀራ ልጆቿ ያላት ፍቅር አሸንፎት ወደ እርሷ ተመለሰ፤ ኦክቶበር 30 ቀን 1613 ተጋቡ።

ከ350 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1960፣ ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት አንድ እንቆቅልሽ አወጣ። መፍትሔው፦ ከእጩዎቹ 37 ከመቶ ያህሉን አይተህ እለፍ፤ ከዚያ ካለፉት ሁሉ የምትበልጠውን የመጀመሪያዋን ያዝ። ከ11 እጩ 4ቱን ማሳለፍ ማለት ነው። ኬፕለር ያገባትም ከአራቱ ቀጥላ የመጣችውን!

ይሁንና ይህ ሕግ ከ100 ጊዜ 60 ያህሉን ምርጧን ይስታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተመራጯ እምቢ ልትል እንደምትችል ከነጭራሹ ይዘነጋል። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ በ1962 ሁለቱም ወገን የሚመርጥበትን ስሌት አወጡ፤ ሻፕሊም በዚሁ ዘርፍ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። እዚያም ቢሆን የሚጠቀመው ቀድሞ የሚጠይቀው ወገን ነው።

ለልጁ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ሰንጠረዥህ መልካም ነው። ግን እነርሱ ለአንተ የሰጡህ ነጥብ የታለ?»

ይህን ያልኩት ሊቅ ሆኜ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ ሳመዛዝን የቆየሁባት ልጅ መጠበቁ ሰልችቷት ሌላ አግብታለች። ስሌቴ አልተሳሳተም ነበር፤ እርሷን ግን አልጠየቅኋትም።

ቸር ይግጠመን!