ቢሊ ሆሊዴይና እንግዳው ፍሬ

ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል የተወለደ ነው። አያቶቻቸው በባርነት የተሸጡባቸው ሰዎች መሬትና ሥልጣን ቢነፈጉም ይህን ርስት በገዛ እጃቸው አቅንተዋል። ከጃዝ ዘፋኞች ኹሉ ስሟ ከፍ ብሎ የሚጠራው ቢሊ ሆሊዴይ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ኤፕሪል 7 ቀን 1915 በፊላዴልፊያ ከተማ ተወለደች፤ የልጅነት ስሟም ኤሌኖራ ፌገን ነበረ። አባቷ ክላረንስ ሆሊዴይ ጊታር መቺ ነበረ፤ ነገር ግን እናትና ልጅን ትቶ ስለ ኼደ ልጅቱ በባልቲሞር ከተማ በድኽነት አደገች። በ9 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ቀረች ተብላ በዳኛ ትእዛዝ የካቶሊክ መነኰሳይት ወደሚያስተዳድሩት «የመልካም እረኛ ቤት» ተላከች፤ በዚያም ተጠመቀች። በ1929 ገደማ ገና ልጅ ሳለች ወደ ኒው ዮርክ፥ ወደ ጥቁሮች ሰፈር ወደ ሐርለም መጣች። በዚያ ያገኛትን ክፉ ኑሮ ኋላ በ1956 ባወጣችው መጽሐፏ አልሸሸገችም።

ሙዚቃን ከመምህር እግር ሥር ተቀምጣ አልተማረችም። የሉዊ አርምስትሮንግንና የቤሲ ስሚዝን ሸክላ እየሰማች በጆሮዋ ቀሰመች እንጂ። ድምፅዋም ጠባብ ነበረ፤ ከፍ ብሎ የሚያስተጋባ አልነበረም። ነገር ግን ንባቡን ለዜማ አታስገዛም፤ ዜማውን ለንባቡ ታስገዛዋለች። ምቱ ሲያልፍ እርሷ ጥቂት ዘግየት ብላ ስለምትከተል ቃሉ ኹሉ አኹን ከልብ የወጣ ይመስል ነበር። በ1933 ጆን ሃመንድ የሚባል የሙዚቃ ዐዋቂ በሐርለም ሰምቶ አደነቃት፤ በዚያው ዓመትም የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀረጸች። ሳክስፎን ነፊው ሌስተር ያንግ «ሌዲ ዴይ» ብሎ ሰየማት፤ እመቤት ማለቱ ነው። በ1938 በነጮቹ በአርቲ ሾው ባንድ ገብታ ስትዘፍን በኒው ዮርክ ሊንከን ሆቴል እመቤቲቱ በዕቃ አሳንሰር እንድትወጣ ተነገራት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ካፌ ሶሳይቲ የሚባል የምሽት ቤት ተከፈተ፤ በዚህ ቤት ጥቁርና ነጭ ያለ ልዩነት ይቀመጡ ነበር። በ1939 አንድ ዘፈን ወደዚያ መጣላት። ደራሲው በብሮንክስ ያስተምር የነበረ አቤል ሚሮፖል የሚባል አይሁዳዊ ነው፤ በዛፍ የተሰቀሉ ሰዎችን ፎቶግራፍ አይቶ ግጥሙን ጻፈ፥ ዜማውንም ራሱ አወጣለት። ከ1882 እስከ 1968 ድረስ በአሜሪካ ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ የተገደሉትን የተስኪጊ ትምህርት ቤት 4,743 ብሎ ቈጥሯል፤ ከእነዚህም 3,446ቱ ጥቁሮች ናቸው። የዘፈኑ ስም «እንግዳ ፍሬ» ይባላል። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው የነገሩ አካኼድ አይጠፋውም፤ ሰሙ በደቡብ አገር በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ፍሬ ነው፤ ወርቁ ግን ተሰቅሎ ያደረ የሰው ሬሳ ነው። በቅኔ ማኅበር ወርቁን ያገኘ ደስ ይለዋል፤ በዚህ ግን ያገኘ ይደነግጣል።

የቤቱ ጌታ ባርኒ ጆሴፍሰን ለዚህ ዘፈን ሥርዐት አበጀለት። ከኹሉ በኋላ ይዘፈናል፤ አሳላፊዎች መጠጥ ማደል ያቆማሉ፤ በፊቷ ላይ ከሚያበራው ከአንዱ በቀር መብራት ኹሉ ይጠፋል። ሲያልቅም ሳትመለስ ትኼዳለች። መጀመሪያ በዘፈነችበት ሌሊት ይበል ያለ እንዳልነበረ ራሷ ጽፋለች፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ኋላ አንድ ሰው ፈራ ተባ እያለ ሲያጨበጭብ ኹሉም ተከተለ። ዘፈኑ በ1937 በቴክሳስ የሞተውን አባቷን ያሳስባት ነበር። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያዋ በደቡብ ገበያውን እንዳያጣ ፈርቶ አልቀርጽም አለ፤ ስለዚህ ኮሞዶር የሚባል አነስተኛ ድርጅት ኤፕሪል 20 ቀን 1939 ቀረጸው።

ከዚህ በኋላ ዝናዋ ሲጨምር ሕይወቷ ተበላሸ። ሄሮይን የሚባለው አደንዛዥ ነገር ባሪያ አደረጋት፤ ይህንን መሸፈን ለእርሷም ክብር አይኾንም። በ1947 ተይዛ የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደባት። በማርች 1948 ተፈታ፥ ብዙ ቀን ሳይቈይ በታላቁ የካርኔጊ አዳራሽ ስትዘፍን መቀመጫው ኹሉ ሞላ። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ በኒው ዮርክ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ለመዘመር የፖሊስ ካርድ ያስፈልግ ነበር፤ እርሷም የተፈረደባት ስለ ኾነች ተከለከለች። በካርኔጊ ሺሕዎች ይሰሟታል፤ በጥቂት ገበታዎች ዙሪያ ግን መዝፈን አይፈቀድላትም። የቅጣቷን ዘመን ጨርሳ ለወጣች ሴት ይህ ኹለተኛ ፍርድ ነበር፤ ዳኛ ያልሰጠው፥ ይግባኝም የማይባልበት። እንጀራዋን ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረች።

በሜይ 1959 በጉበትና በልብ ሕመም ተይዛ ሆስፒታል ገባች። በተኛችበት አልጋ ላይ አደንዛዥ ነገር ተገኘባት ተብላ ታሰረች፤ በበሩም ፖሊስ ቆመ። ጁላይ 17 ቀን በ44 ዓመቷ ዐረፈች። በባንክ የነበራት ገንዘብ 70 ሳንቲም ነው። ጸሎተ ፍትሐቷ በኒው ዮርክ በሐዋርያው ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሲደረግ ሦስት ሺሕ ያኽል ሰው ተገኘ። የፖሊሱ ካርድ ደንብ በ1967 ተሻረ። ያለ ፍርድ ሰውን መስቀል በመላው አሜሪካ የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል የኾነው ግን በማርች 2022፥ ዘፈኑ ከተቀረጸ 83 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።