ከሠርጉ ዲስክ ላይ ምን ቀረ? የቪሲዲና የዲቪዲ ማጫወቻ አጭር ታሪክ

ብዙዎቻችን ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ በእስክሪብቶ «ሠርግ» ወይም «ክርስትና» ተብሎ የተጻፈባቸው ዲስኮች አሉ። ከአዲስ አበባ ዱባይ፣ ከናይሮቢ ዋሽንግተን በሰው እጅ የተላኩ ናቸው። ዛሬ ሲከፈቱ ምስሉ ይቆራረጣል። ዘመድም «ማጫወቻው ነው የተበላሸው» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው ነገር የጠፋው ዲስኩ በተቀዳበት ቀን ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ታሪኩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙዚቃ ለመያዝ የተሠራ ዲስክ

ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ ለሙዚቃ ብቻ ነበር፤ የሚይዘውም 74 ደቂቃ ያህል ነው። ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ጄቪሲና ማትሱሺታ በ1993 የቪሲዲን ደንብ ሲያወጡ፣ በዚያው ዲስክ ላይ በዚያው ፍጥነት ፊልም ማስገባት ነበረባቸው። ለምስሉ የደረሰው በሰከንድ 1.15 ሜጋቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ምስሉ ይጨመቃል። 8 በ8 ነጥብ ባላቸው ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈልና፣ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይቀመጣል። በመካከል ላሉት የሚመዘገበው ከቀደመው የተለወጠው ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመርቁ የሚለወጠው ጥቂት ስለሆነ ምስሉ ያምራል። እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው፣ ቀሚሱና ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ የተመደበው መረጃም አይበቃም። ያኔ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል። ይህ የማጫወቻው ጥፋት አይደለም። ከአሮጌ ካሴት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በካሴቱ ላይ ያለው ብናኝም እንደ እንቅስቃሴ ስለሚቆጠር መረጃውን ይሻማል።

የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ቪሲዲ ማጫወቻ የተሠራው በዚያው በ1993 በቻይናዋ ሄፌ ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች ዋጋውን አወረዱት። በእኛም አገር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአማርኛ ፊልምና የዘፈን ክሊፕ በቪሲዲ ይሸጥ ጀመር። ቪሲዲ አንድ ድክመት ነበረው፦ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ለስሕተት ማረሚያ ከሚቀመጠው መረጃ ከፊሉ ተቀንሷል። ለዚህ ነው ትንሽ ጭረት ምስሉን የሚያንቀው። የአንዱ ማጫወቻ ሌንስ ያላነበበውን የሌላው የሚያነበውም ለዚህ ነው።

ዲቪዲ ሲመጣ

ዲቪዲ በጃፓን ገበያ የወጣው በኅዳር 1996 ነው። አንዱ ንጣፍ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በእኛ አካባቢ በሚሠራበት በፓል ሥርዓት ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ ሲኖረው ዲቪዲ 720 በ576 አለው፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። ለምስሉም በሰከንድ እስከ 9.8 ሜጋቢት ይፈቀዳል፤ እንቅስቃሴ ሲበዛ ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል።

የማጫወቻው ልዩነት በግልጽ የታየው እዚህ ላይ ነው። ማጫወቻው በሌዘር ያነባል፣ ስሕተቱን ያርማል፣ የተጨመቀውን ይፈታል፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ይልካል። ቢጫው ገመድ ቀለሙንና ብርሃኑን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ስለሚልክ የፊደል ጠርዝ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ሶኬት ያለው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ገመድ ለያይቶ ይልካል። ኤችዲኤምአይ ደግሞ ዲጂታሉን እንዳለ ያደርሰዋል። በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ የሰው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታየው የአሮጌው ምስል ግማሽ ግማሽ መስመር በሚገባ ስላልተጋጠመ ነው፤ ጥሩ ማጫወቻ ይህን ያስተካክላል። ሳጥኑ ላይ «ወደ ፉል ኤችዲ ያሳድጋል» ቢባልም ግን በዲስኩ ላይ የሌለ ነገር አይጨምርም።

ድምፅም የራሱ ጣጣ አለው። የዲቪዲ ፊልም ለስድስት ድምፅ ማጉያ ተዘጋጅቶ በሁለት ማጉያ ሲሰማ ንግግሩ ያንሳል፣ ፍንዳታው ይበዛል። በማጫወቻው ሜኑ ውስጥ ድምፁን የሚያመጣጥን ምርጫ ካለ ማብራት ነው። ቪሲዲ ላይ በግራ አንድ ቋንቋ፣ በቀኝ ሌላ የተቀዳ ከሆነም የሪሞቱ ግራና ቀኝ መምረጫ ይፈታዋል።

ድንበር ያለው ዲስክ

ለእኛ ነጋዴዎች ዋናው ራስ ምታት የክልል ቁጥር ነበር። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን ከፋፍለው አሜሪካን 1፣ አውሮፓንና የባሕረ ሰላጤውን አገሮች 2፣ ኢትዮጵያንና አብዛኛውን አፍሪካ 5 አሉ። ከዱባይ የተገዛ ኦሪጅናል ፊልም አዲስ አበባ ሲደርስ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ደንበኛ «ሁሉን የሚያጫውት» እያለ የሚጠይቀውም ለዚህ ነበር።

የሠርግ ዲስክ ግን የክልል ቁጥር የለውም። አሜሪካ ሲደርስ እንቢ ያለው በፓል ስለተቀዳ ነው፤ እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ማጫወቻዎች የሚያውቁት ኤንቲኤስሲን ብቻ ነው። ስንት እናት «ልጄ ሠርጓን ላከችልኝ፣ ዲስኩ ግን ባዶ ነው» ብላ ጥላዋለች! ባዶ አልነበረም። ኮምፒውተር ላይ ቢገባ ይከፈት ነበር።

አሁን ምን እናድርግ?

ማጫወቻው ከገበያ እየጠፋ ነው። በቤት የተቀዳ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ቀለሙ በሙቀትና በፀሐይ ይደክማል። የጅቡቲን ወይም የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ይህን አይንቅም።

ስለዚህ ዲስኩ ሳይሞት በኮምፒውተር ክፈቱትና ፋይሎቹን እንዳሉ ገልብጡ። እንደገና አታስጨምቁ፤ በተጨመቀ ላይ ሲጨመቅ የቀረውም ይሄዳል። በስልክ መልእክት የምትልኩት ደግሞ እንደገና ስለሚጨመቅ እሱን ዋና ቅጂ አታድርጉት። አንዱን በሃርድ ዲስክ፣ ሌላውን ሌላ አገር ባለ ዘመድ ቤት አስቀምጡ። የመጀመሪያው ካሴት ካለ በፍጹም አትጣሉት፤ ዲስኩ ያልያዘው እስክስታ ያለው እዚያ ላይ ነው።