ከደመወዝ ወደ አበል፦ የጡረታ ስሌትና የጡረተኛው ኑሮ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ ከተደነገገበት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በርካታ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች የራሳቸውን የጡረታ ዐዋጅ ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ነው። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ የአገልግሎት ጡረታ አበል፣ ማለትም ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ለተሰናበተ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለሲቪል የመንግሥት ሠራተኛ ለ10 ዓመት 30 በመቶ ተይዞ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያስተማረና አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ መምህር 5,500 ብር ያገኛል። የቤትና የትራንስፖርት አበል በደመወዝነት ስለማይታሰብ፣ ቤተሰቡ የሚያጣው ገቢ ስሌቱ ከሚያሳየው ይበልጣል፤ የገበያ ዋጋ ሲንር ደግሞ አበሉ በየወሩ እየተከተለ አያድግም።

ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚነፈገው ግን የሠራተኛው የግል ማኅደር ነው። ሕጉ ለጡረታ የሚቀበለው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን የልደት ዘመን በመሆኑ፣ በወጣትነት በግምት የተሞላ ቅጽ ከዐሥርት ዓመታት በኋላ የመሰናበቻውን ዕለት ይወስናል፤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዛወር የጠፋ የቅጥር ደብዳቤም የአገልግሎት ዘመንን ሊያሳጥር ይችላል። ስለዚህ የማኅደር ማጣራት ለመሰናበቻው ወር መተው የለበትም፤ ሠራተኛው ገና በ50 ዓመቱ፣ አብረውት የሠሩ ኃላፊዎችና መዝገብ ቤቶች ሳይበተኑ ሊጀምረው ይገባል።

ከገንዘቡ ባልተናነሰ የሚከብደው የውሎ መለወጥ ነው። በማለዳ ወጥቶ ሲመሽ መግባት የለመደ ሰው ስልኩ ዝም ሲልበት፣ ባለቤቱ ለዓመታት በራሷ ሥርዐት ስታስተዳድረው በኖረችው ቤት ውስጥም የሚይዘው ሲያጣ፣ ሐዘኑን አውጥቶ ለመናገር ያፍራል፤ በዙሪያው ያሉ ሰዎችም ዝምታውን ዕረፍት አድርገው ይወስዱታል። ይጦሩኛል ብሎ ያሳደጋቸው ልጆች ሥራ አጥተው ቤት ሲውሉ ደግሞ፣ ተጧሪ መሆን የሚገባው ሰው በዚያችው አበል ጧሪ ሆኖ ይቀጥላል።

በከተማ ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላው ዕድር ነው፤ ጎረቤቶች ወርኃዊ መዋጮ እየከፈሉ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ይህ ማኅበር፣ ጡረታ የወጣውን የሒሳብ ሠራተኛ ገንዘብ ያዥ፣ የቀድሞውን መምህር ጸሐፊ አድርጎ ይመርጣል። ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ድንኳኑ መተከሉን፣ ወንበሩና ሳህኑ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ መመለሱን የሚከታተሉት በአብዛኛው እነዚሁ አረጋውያን ናቸው። ይህ ዕውቀታቸውና ቃላቸው የሚፈለግበት እውነተኛ ሥራ እንጂ የጊዜ ማሳለፊያ አይደለም።

የሕጉ ጥበቃ የሚሳሳው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ደመወዝ ቤት ላስተዳደሩ ሴቶች ነው። ባል ሲሞት ለሚስት የሚተላለፈው የአበሉ 50 በመቶ በመሆኑ፣ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የመምህሩ ሚስት 2,750 ብር ይደርሳታል፤ የቤት ኪራዩ ግን በግማሽ አይቀንስላትም። ጋብቻው በባል ማኅደር ውስጥ በማስረጃ ካልተያያዘ፣ ይህችኑ ገንዘብ ለማግኘት ገና ሐዘኗ ሳይወጣላት ሚስትነቷን ለማረጋገጥ ከቢሮ ቢሮ ትመላለሳለች።